ጉድጓድ ውስጥ ምን ያስቃል?

አክስቴ መጽሐፍ አሳታሚ ናት። እኔ ደግሞ መጽሐፍ የማላነብ ሰው ነኝ። ሥራ የቀጠረችኝም በዚሁ ነው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

አክስቴ ልቦለድ አታሳትምም። የእሷ ነገር እውነተኛ ታሪክ ብቻ ነው። አዋላጇ ስለ ማዋለድ፣ መቃብር ቆፋሪው ስለ መቃብር፣ የአውቶቡስ ሹፌሩ ስለ መንገድና ስለ ተሳፋሪ ጸባይ። ሁለት ሕግ አላት። አንደኛው፣ የደረሰበት ሰው ራሱ ይጻፈው የሚል ነው። "ሰምቼ ነው፣ ነግሮኝ ነው" የሚል ሰው ረቂቁን በብብቱ ይዞ በወጣበት ደረጃ ይወርዳል። ሁለተኛው፣ መጽሐፉ በወጣ ቀን ደራሲው ሰው ፊት፣ በኢንተርኔት በቀጥታ እየተላለፈ ይጠየቃል፤ ጠያቂው ደግሞ መጽሐፉን ያላነበበ ሰው መሆን አለበት።

"ሊገዛ የመጣው ሰውም አላነበበማ" ትላለች። "ያነበበ ሰው የሚጠይቀው ማንበቡን ሊያሳየን ነው።"

ይሄን ሕግ እንደኔ ያከበረ የለም። ከትምህርት ቤት ጋር የተለያየነው ጢሜ ሳይበቅል ነው፤ እኔም አልናፈቅኩት፣ እሱም አልናፈቀኝም። አክስቴ መጀመሪያ ካርቶን እንድሸከም ነው ያመጣችኝ። ከዛ ጠያቂው ሰውዬ የታመመ ቀን "አንተ ቀልማዳ፣ አፍ ብቻ ነህ፤ ና እስቲ ተቀመጥ" አለችኝ። ይኸው እስከዛሬ ተቀምጫለሁ። ካርቶኑም አልቀረልኝም።

ሁሌ የምጠይቃት አንዲት ጥያቄ አለችኝ። መጨረሻ ላይ ጠጋ እልና "እዛ ውስጥ ያሳቀህ ነገር ምንድነው?" እላለሁ። ሰው ቀልድ ይመስለዋል። ቀልድ አይደለም። እኔ ውሸት ላይ ልምድ አለኝ። ተማሪ እያለሁ በረፈደብኝ ቁጥር አያቴን እገድላት ነበር፤ ስንቴ እንደቀበርኳት እኔና አስተማሪዬ ነን የምናውቀው። እና ምን አየሁ መሰላችሁ? ስዋሽ ሁሌ የማወራው የሚያስለቅስ ነገር ነው። ውሸት ውስጥ ለቅሶ እንጂ የሚያስቅ ነገር የሚያስገባ የለም። በእውነት የሆነ ነገር ውስጥ ግን፣ የፈለገ መከራ ቢሆን፣ አንድ የማይረባ አስቂኝ ነገር አይጠፋም። አዋላጇን ስጠይቃት ባልየው ራሱን ስቶ ወድቆ እናትየው ከነምጧ ተነስታ እንዳራገበችው ነገረችን። መቃብር ቆፋሪው ደግሞ ጥልቀቱን ሳይለካ ሲቆፍር ውሎ ራሱ መውጣት አቅቶት፣ ለቀስተኛው ሲደርስ "አንዴ እጅ ስጡኝ" ብሎ ከውስጥ ቢጣራ ሰው ሁሉ አስከሬኑን ጥሎ ሮጠ። በሁለቱም ቀን ካርቶን ባዶ ሆነ።

ካርቶን ስል፣ ከደራሲው ወንበር በቀር ሌላ ወንበር የለንም። ቢሯችን ከጎሚስታ ቤት በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዳያስተጋባ የእንቁላል መያዣ ለጥፈናል። ሰው የሚቀመጠው በአዲሱ መጽሐፍ ካርቶኖች ላይ ነው። ጥየቃው ሲያልቅ የወደደው ይነሳል፣ የተቀመጠበትን ካርቶን እንከፍታለን፣ መጽሐፉን ይገዛል። ሳይነሱ ከቆዩ ሥራ የለም ማለት ነው።

ያን ዕለት የወጣው መጽሐፍ የዋሻው ሰውዬ ነበር። ለውሃ ቱቦ ዋሻ ሲቆፍሩ አፈሩ ተደርምሶ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ከመሬት በታች ቀናት አሳልፎ፣ ሽማግሌው እዛው ሞቶ እሱ የወጣ ሰው ነው። ረቂቁን ያነበበ ሁሉ አልቅሷል። አክስቴ እንኳን፣ ሽንኩርት ስትከትፍ የማታለቅስ ሴትዮ፣ ለዚህ አልቅሳለች። አሳትማ የማታውቀውን ያህል ብዛት አሳተመች። ደረጃውን የወጣሁት እኔ ስለሆንኩ ብዛቱን ወገቤ ያውቀዋል።

ጋዜጠኛዋ መጣች። ቀጭን ናት፣ ድምፅ የላትም፣ ፊት ለፊት ካለው ካርቶን ላይ እግሯን አጣጥፋ ቁጭ። ባለፈው ዓመት አንድ ሌላ አሳታሚ "እውነተኛ ታሪክ" ብሎ ያወጣውን መጽሐፍ ፈጠራ መሆኑን ያጋለጠችው እሷ ናት። ያ ቤት አሁን ጫማ መሸጫ ሆኗል። አክስቴ ሀብት የላት፣ ዘመድ ባለሥልጣን የላት፤ ያላት ነገር ሰው የሚያምናት መሆኑ ብቻ ነው። እሱ ከሄደ እኛም ጫማ ነን።

ወርጄ ጎሚስታውን ለመንኩት።

"ጋሼ፣ ለትንሽ ሰዓት ያቺን ንፋስ መሙያ አጥፋልኝ።"

"ጎማውስ በአፌ ልንፋው?"

"አንተ ሳንባ አለህ፣ ምን ይጎድልሃል!"

"ውጣ ከፊቴ፣ ምላሳም!" አለና አጠፋው። ጥሩ ሰው ነው።

ስመለስ ደራሲው ደርሷል። ትከሻው ሰፊ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ግንባሩ ወዛ ያለ። ከኋላው ታናሽ ወንድሙ አለ። ተመሳሳይ ፊት፣ ግን የታናሹ ላይ ውሃ የተረጨበት የሚመስል፤ ደብዘዝ ያለ። ሰላም ሲለኝ እንኳን ከንፈሩ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው። ሁለቱም ዋሻ ቆፋሪዎች ነበሩ፤ አሁን ታናሹ ሥራ የለውም፣ ከታላቁ ጋር ነው የሚኖረው።

ለድምፁ ብዬ በሩን ልዘጋ ስል አንድ እግር መሃል ገባ።

"ተወው" አለኝ ታናሽየው።

"ጋሼ፣ ከደረጃው ድምፅ ይገባል…"

"ተወው አልኩህ!"

በሩን በሁለት እጁ አንቆ ይዞታል። ታላቅየው ከወዲያ "ሙቀት አይወድም፣ ተወው በናትህ" አለ። እና እሱስ? እሱ መስኮት የሌላት ክፍል ውስጥ፣ መጋረጃ ጀርባው ላይ ተጋርዶ፣ ጥግ ላይ ያለው ወንበር ላይ ተደላድሎ ተቀምጧል። ከመሬት በታች የተቀበረው እሱ፣ በር የሚፈራው ወንድምየው።

አክስቴን ፍለጋ ወጣሁ።

አክስቴን ኮሪደር ላይ ያዝኳት። ስልኩን ካሜራ መስቀያው ላይ ልታስር ነው፣ ጎማ ማሰሪያውን በጥርሷ ይዛዋለች።

"አክስቴ፣ ይሄ ሰውዬ ዋሻው ውስጥ የነበረ አይመስለኝም።"

"ዛሬ ቀልድ የለም።"

"እየቀለድኩ አይደለም። በሩን የሚፈራው ወንድሙ ነው፤ ሄደሽ እይው።"

ጎማውን ከአፏ አወጣች። በበሩ በኩል ሁለቱን አየቻቸው። ፊቷ ላይ ያለው ደም ወዴት እንደሄደ እንጃ።

"ሁለቱም እዛ ሥራ ላይ ነበሩ፤ ወንድሙ ለሞት ሲደርስ ያየ ሰው ቢፈራ ምን ይገርማል?" አለች። ለኔ አልነበረም የምትለው፣ ለራሷ ነው። ከዛ ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ። "ስማ አንተ ወስላታ። ያቺን ጥያቄህን ዛሬ እንዳትጠይቅ። ሰውዬው ጓደኛው እቅፉ ላይ ሞቶበታል። ምን አሳቀህ ብትለው ጭካኔ ነው።"

"እሺ።"

"ማልልኝ።"

"አክስቴ ትሙት።"

"እኔን ነው እንዴ የምትገድለው?"

"አያቴ አልቃብኝ ነው።"

ሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። አልሳቀችም።

ጀመርን። እኔ እጠይቃለሁ፣ እሱ ይመልሳል። እንዴት ያምር እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። ጨለማው እንዴት ከዓይን አልፎ አፍ ውስጥ እንደሚገባ፤ ሽማግሌው ስለ ልጆቹ እያወራ ድምፁ እንዴት እየቀጠነ እንደሄደ፤ ከድንጋዩ የሚንጠባጠበውን ውሃ እንዴት በምላስ እንደጠበቁ። አንዲት ሴትዮ መሃረቧን አወጣች። ካርቶኖቹ ጸጥ ብለዋል። ጋዜጠኛዋ ብቻ ትጽፋለች፤ የብዕሯ ድምፅ እኔ ጋ ይሰማል።

እኔ ግን ላብ በላብ። ምክንያቱም አንድም የሚያስቅ ነገር የለም። አንድም! እንደኔ አያት ሞት ዳር እስከ ዳር ለቅሶ ነው። እና ደግሞ ነገር በተናገረ ቁጥር ዓይኑ ወደ በሩ ይሄዳል፤ ወንድምየው አንገቱን ትንሽ ከነቀነቀ በኋላ ነው የሚቀጥለው። ፈተና ላይ ከጓደኛ የሚቀዳ ተማሪ እንደዛ ነው የሚያየው። ይሄንንም አውቀዋለሁ።

አክስቴ ከስልኩ ጀርባ ቆማ በእጇ ጨርስ አለችኝ። ደስ አለኝ።

"እንግዲህ ጋሼን እናመሰግናለን፣ መጽሐፉን የምትፈልጉ…"

"አንድ ደቂቃ" አለች ጋዜጠኛዋ።

ሁሉም ዞረ።

"ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የምትጠይቃት ጥያቄ ነበረች" አለችኝ፣ በዛች ቀጭን ድምፅ። "አንድም ቀን ዘለሃት አታውቅም። ዛሬ ለምን ቀረች?"

ምላሴ ደረቀ። እኔ! ጎሚስታ የመሰከረልኝ ምላሳም!

"ሰዓት… ሰዓቱ ሄዶብን ነው።"

"አሁን ሰዓት አለን" አለችና እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

አክስቴን አየኋት። እጇ ስልኩ ላይ ነው፤ አንድ ጣት ብትነካው ስርጭቱ ይቋረጣል፣ "ኔትወርክ ነው" ብለን ወደ ቤታችን። ብዙ ሰው እያየ ነው። ጋዜጠኛዋም እያየቻት ነው። አክስቴ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው እጇን ከስልኩ ላይ አነሳችና አንገቷን ነቀነቀችልኝ። ጠይቅ።

ወደ ሰውዬው ዞርኩ።

"ጋሼ፣ ይቅርታ አድርግልኝና… እዛ ውስጥ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ያሳቀህ ነገር ነበር?"

አፉ ተከፈተ። ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ፤ አንገቱን የነቀነቀለት የለም። ግንባሩ ላይ ያለው ወዝ ጠብታ ሆኖ በአፍንጫው ወረደ፣ አልጠረገውም። የሆነ ሰው ያለበት ካርቶን ተንቋቋ። ጋዜጠኛዋ አትጽፍም፣ ትጠብቃለች። አክስቴ ከስልኩ ጀርባ እንደ ሐውልት።

እና ያኔ ከበሩ በኩል ሳቅ መጣ።

መጀመሪያ ትንሽ ነበር፣ በአፍንጫ። ከዛ አመለጠው። ታናሽ ወንድሙ ሆዱን ይዞ፣ በሩን ተደግፎ፣ ያ ውሃ የተረጨበት ፊቱ ቀልቶ፣ ይስቃል። ሰው ደነገጠ። ቆይቶ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" ይላል፣ ደግሞ ይስቃል፣ እንባውን ይጠርጋል።

ታላቅየው ከወንበሩ ተነሳ። ማይኩ ከደረቱ ተላቆ ወደቀ። ካሜራም፣ ጋዜጠኛም፣ እኔም ከፊቱ ጠፋን።

"ምን ነበር?" አለው ወንድሙን። ድምፁ ተሰብሯል። "ምን ነበር ያሳቃችሁ? ሰምቻችሁ ነበር እኮ! ምን ነበር?"

ከዛ ያለውን ራሱ ሰማው። እጁን አፉ ላይ አደረገ፤ ግን ወጥቷል፣ የወጣ ነገር አይመለስም።

ጋዜጠኛዋ ተነሳች። "ሰምቻችሁ ነበር ማለት? እርስዎ የት ሆነው ነው የሰሙት?"

አክስቴ ከስልኩ ጀርባ ወጥታ መጣች። እሷ ካሜራ ፊት ቆማ አታውቅም፤ መነጽሯ ግንባሯ ላይ ነው፣ ረስታዋለች። መሃላችን ቆማ ወደ ስልኩ አየች።

"ይህ መጽሐፍ በሽፋኑ ላይ ስሙ ያለው ሰው የደረሰበት አይደለም" አለች። "እኔ ነኝ ያሳተምኩት፣ ማጣራትም የእኔ ሥራ ነበር። ከዛሬ ጀምሮ አይሸጥም። አስቀድማችሁ ከፍላችሁ ከሆነ ይመለስላችኋል።" አንድም ቃል አልዋጠችም። ከዛ ወደ ደራሲው ዞረች። "ለምን?"

ሰውዬው ተመልሶ ቁጭ አለ። ተሸክሞት የነበረውን ካርቶን ያስቀመጠ ሰው ይመስላል፤ ይሄን እኔ አውቀዋለሁ።

"የደረሰበት ራሱ ይጻፈው ብላችሁ ደረጃው ላይ ለጥፋችኋል" አለ። "እሱ ከእኔ ውጭ ለማንም አያወራም። ለእኔም ስንት ለምኜው፣ በሩ ተከፍቶ፣ ትንሽ ትንሽ ነው የነገረኝ። የሱ ታሪክ ነው ብዬ ብመጣ ትመልሱኛላችሁ። ታሪኩ እዛው ተቀብሮ ሊቀር ነው። ስለዚህ 'እኔ' አልኩ።"

"እኔም ተው አላልኩትም" አለ ታናሽየው ከበሩ። ከ'ተወው' እና ከ'ይቅርታ' ሌላ፣ ክፍሉ ውስጥ ለሰው ሲናገር የመጀመሪያው ነው።

አሁን ሰው ግራ ተጋብቶ ወደ ደረጃው ሊሄድ ካርቶን ለካርቶን እየተያየ ነው። አክስቴ መሃል ላይ ቆማለች። እኔ ማይኩን ከወለሉ አነሳሁ። ማንም አላዘዘኝም። ወደ በሩ ሄድኩና መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ታናሽየው እግር ሥር።

"ጋሼ፣ ሞቼልህ፣ ምን ነበር ያሳቀህ?"

አየኝ። ከዛ ወንድሙን አየ።

"እጅ" አለ። "ከተደረመሰብን በኋላ ምንም አይታይም። እየዳበስኩ የሽማግሌውን እጅ አገኘሁ። ቀዝቅዟል። በቃ ሊሞት ነው ብዬ ያዝኩት፣ አሻሸሁት፣ 'አይዞህ አባባ፣ አለሁ፣ ይመጣሉ' እያልኩ፣ ረጅም ሰዓት፣ ስለ ሁሉም ነገር አወራሁት። እናቴን ሳይቀር አማሁለት። መጨረሻ ላይ ሽማግሌው ከወዲያ ማዶ፣ ከሌላው ጥግ፣ 'አንተ ልጅ፣ ከማን ጋር ነው የምታወራው?' አለኝ።"

"እንዴ!" አልኩ።

"የላስቲክ ጓንት ነው። ጭቃ የሞላበት። የእኔው ጓንት!" መሳቅ ጀመረ። "ሽማግሌው ሲሰማ ሳቀ፣ ሳቀ፣ አፈር ከላይ እስኪረግፍብን። 'መልስ ሰጠህ ወይ?' ይለኛል። ደግሞ እንስቃለን። ሲሞትም… ሊሞት ሲል 'ጓንቱን አደራ' ነው ያለኝ።"

ክፍሉ ውስጥ የሳቀም አለ፣ ያለቀሰም አለ፣ ያቺ ባለ መሃረቧ ሁለቱንም አንድ ላይ አደረገችው።

"ይሄንን አልነገርከኝም" አለ ታላቅየው።

"እንዴት ልንገርህ? ሰው ሞቶ ስቄ ነበር ልበልህ?"

አክስቴ መነጽሯን ከግንባሯ አወረደች። ማይኩን ከእኔ ተቀብላ ወደ ታላቅየው ሄዳ ሰጠችው። "አንተስ?" አለችው። "አንተ የት ነበርክ?"

"ከላይ። ጉድጓዱ አፍ ላይ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ለአየር ብለው ቀጭን ቱቦ አውርደው ነበር። ምንም ድምፅ የለም። አለቃው 'አልቀዋል፣ መሣሪያውን ሰብስቡ' አለ። እኔ ጆሮዬን ቱቦው ላይ ለጥፌ አልነሳም አልኩ። እና ሳቅ ሰማሁ። ሮጬ 'እየሳቁ ነው!' ስላቸው አበደ አሉኝ። ይዘው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ፣ አንዱ ራሴ ላይ ውሃ አፈሰሰብኝ። አምልጬ ተመለስኩ። አለቃውን አንገቱን ይዤ ጆሮውን ቱቦው ላይ አስደገፍኩት። አሁን ሳስበው፣ ሰውዬው ቂጡ ወደ ሰማይ ተነስቶ፣ ጆሮው ቱቦ ላይ፣ እኔ ከላይ ተቀምጬበት…"

አልጨረሰውም። እሱም ሳቀ። ዳር እስከ ዳር ሲያስለቅስ የዋለ ሰውዬ።

"መቆፈሩን ቀጠሉ" አለ ሲበርድለት። "ግን ምን እንዳሳቃቸው መጠየቅ ፈራሁ። ካበድኩስ? በጭራሽ ካልሳቁስ?"

አክስቴ ወደ ጋዜጠኛዋ ዞረች። "ጻፊ። አንድም ነገር አትደብቂልኝ።"

"አልደብቅልሽም" አለች ጋዜጠኛዋ። ግን ተመልሳ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠች።

ታላቅየው ወደ በሩ ሄዶ ለወንድሙ እጁን ዘረጋለት። ታናሽየው እጁን ይዞ አገላብጦ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ጨበጥ ጨበጥ አደረጋቸው።

"ምን ታደርጋለህ?"

"ላረጋግጥ ብዬ ነው" አለው።

በማግስቱ የጋዜጠኛዋ ጽሑፍ ወጣ። አክስቴ መነጽሯ እጇ ላይ እያለ "አንብብልኝ" አለችኝ፤ ቅጣት መሆኑ ነው። ፊደል እየቆጠርኩ አነበብኩላት። ምንም አልማረችንም። አክስቴ ሳታጣራ ማሳተሟን፣ እኔ ጥያቄዬን ልሸሽ መሞከሬን፣ ሁሉንም። አንዳንድ መደብሮች ያዘዙትን ሰርዘዋል። መጨረሻው ላይ ግን "ትክክለኛው መጽሐፍ ሲወጣ እዛው ካርቶን ላይ እቀመጣለሁ" የሚል ነበረው። አክስቴ እሱን ደግመህ አንብበው አለችኝ። ደገምኩት። ሄዳ ደረጃው ላይ የተለጠፈውን ሕግ ገነጠለችው፤ ምትኩን ገና አልለጠፈችም።

ወንድማማቾቹ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው ውስጥ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከታች ያለውን ያወራል፣ አንዱ ከላይ ያለውን፣ ይጨቃጨቃሉ። እኔ ደግሞ እየተራገምኩ ያወጣኋቸውን ካርቶኖች እየተራገምኩ አወርዳለሁ።

ጎሚስታው ንፋስ መሙያውን አጥፍቶ አየኝ።

"ምነው፣ አልተሸጠም እንዴ?"

"ገና አልተጻፈም" አልኩት።